ጎረቤት የሚመርጥ ውል፦ ስለ ሼከር ሃይትስ ከተማ ደብረ ብርሃን ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በዚህ ሰዓት ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ሩቅ ከተማ ነው። ሼከር ሃይትስ ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ በሚባለው ግዛት፣ ከክሊቭላንድ መሀል ከተማ ወደ ምሥራቅ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የሀብታሞች መኖሪያ ናት። ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጬ የምሄደው ወድጄ አይደለም። ከተማችን በአራቱም ማዕዘን እየሰፋች ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ "እዚያ እየሠራሁ እዚህ ቤት ብሠራስ" የሚለው ሰው በዝቷል። ሻይ ቤት ቁጭ ባልን ቁጥር ወሬው መሬት ነው፦ ካሬው ስንት ገባ፣ ጨረታው በስንት ወጣ፣ እገሌ ስንት አተረፈ። ስለ ዋጋው ይህን ያህል ስናወራ፣ ከመሬቱ ጋር ስለሚፈረመው ውል አንስቶ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገጥመኝም። ሼከር ሃይትስ ደግሞ ከሥር እስከ ጫፏ በውል የተሠራች ከተማ ናት።

የምጠራቸው ዓመታት፣ "በእኛ" ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ቦታው ሲጀመር የሀብታም አልነበረም። በ1822 እዚያ የሰፈሩት ሼከር የሚባሉ ምእመናን ናቸው። የእምነቱ መሪ አን ሊ የምትባል ሴት ነበረች፤ ከእንግሊዝ አገር ከማንቸስተር ተነሥታ በ1774 ከጥቂት ተከታዮቿ ጋር አሜሪካ ገባች። ተከታዮቿ በጸሎት ሰዓት ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ ስለሚያሸበሽቡ ነው ይህ ስም የወጣላቸው። የእኔ የሚሉት ንብረት የላቸውም፤ ሁሉም የጋራ ነው። አያገቡም፣ አይወልዱም፤ ወንዱና ሴቱ እንደ ወንድምና እኅት በየፊናው እየኖረ በአንድነት ይሠራል፣ በአንድነት ይጸልያል። የአንድነት ገዳም ሥርዓት ለሚያውቅ የእኛ ሰው ይህ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ሰፈራቸውን "እግዚአብሔር ደስ የሚሰኝበት ሸለቆ" ብለው ጠሩት። ዶን የሚባለውን ወንዝ ገድበው እንጨት መሰንጠቂያና የእህል ወፍጮ አቆሙበት። ከግድቡ የተፈጠሩት ሁለት ሐይቆች እስከ እኛ ዘመን ደርሰዋል፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእኛ አገር፣ በመንዝም በተጉለትም፣ የጥንቱ ርስት የሚቆጠረው ከአቅኚ አባት ነበር። እገሌ እገሌን ወለደ እያለ ቆጥሮ አቅኚው ላይ የደረሰ ሁሉ ድርሻዬን ስጡኝ ይላል፤ ሙግቱ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። አያቶቻችን ከእርሻው ቀን የችሎቱ ቀን ይበዛባቸው ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሼከሮቹ ግን ልጅ የላቸውም። የሚተካቸው አዲስ ገቢ ብቻ ነው፤ አዲስ ገቢው እየቀነሰ ሄደ፣ የነበሩትም አረጁ። በ1889 የቀሩት ጥቂት አረጋውያን ተሰባስበው ወደ ሌሎች የሼከር መንደሮች ሄዱና መሬቱ ለሽያጭ ቀረበ። ተካፋይ የለ፣ ባላባት የለ፣ "የአያቴ ነው" የሚል ተሟጋች የለ። ከ500 ሄክታር በላይ የሆነ ወጥ መሬት እንዳለ በባለሀብቶች እጅ ገባ። ሰው ስለዚህች ከተማ ሲያወራ የቤቶቹን ውበትና የዛፎቹን ጥላ ያነሳል። እኔ ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው ይህን ነው፤ መሬቱ ተሸንሽኖ በመቶ ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ አንዱም ባልሆነ ነበር።

ለጥቂት ዓመታት መሬቱ እንዲሁ ተቀመጠ። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች መጡ፤ ኦሪስና ማንቲስ ቫን ስዌሪንገን። አንዱ በ1879፣ አንዱ በ1881 የተወለዱ፣ ከድሃ ቤት የወጡ፣ በልጅነታቸው ቢሮ ውስጥ በተላላኪነት የጀመሩ ሰዎች ናቸው። ድምፃቸው የማይሰማ፣ ጋዜጠኛ የሚሸሹ፣ ከተከበሩም በኋላ አንድ መኝታ ክፍል የሚጋሩ ነበሩ። የሚገርመው፣ እነሱም እንደ ሼከሮቹ ሳያገቡና ሳይወልዱ ነው ያለፉት። ከ1905 ጀምሮ መሬቱን በብድርና በቀብድ ቀስ እያሉ ያዙት፤ በ1912 ሼከር ሃይትስ ራሷን የቻለች መንደር ሆነች፣ በ1931 ደግሞ ከተማ።

የገጠማቸው ችግር እኛም የምናውቀው ነው፦ መንገድ። እዚያ ቪላ የሚገዛው ሰው ሥራው ክሊቭላንድ መሀል ነው፤ በጊዜ ገብቶ በጊዜ የማይመለስ ከሆነ ቪላው ቢያምር ምን ይፈይድለታል? ወንድማማቾቹ ፈጣን ባቡር እንዘርጋ አሉ። ባቡሩ ወደ መሀል ከተማ የሚገባበት ሸለቆ ግን ኒኬል ፕሌት በሚባል የባቡር ድርጅት እጅ ነበር። የሚፈልጉት ጥቂት ኪሎ ሜትር መተላለፊያ ነው። እነሱ ታዲያ በ1916 ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ያለውን ድርጅት እንዳለ ገዙት፤ በ8.5 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛውን በብድር። በሬዎቹ ወንዝ ወርደው ውኃ እንዲጠጡ ብሎ ማሳለፊያ ያጣ ገበሬ ወንዙን እስከ ምንጩ ገዛ እንደማለት ነው። ባቡሩ በሚያዝያ ወር 1920 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬም ይሠራል።

ክሊቭላንድ ዘመድ ቤት በቆየሁበት ጊዜ በዚህ ባቡር ደጋግሜ ተሳፍሬአለሁ። መነሻው ተርሚናል ታወር ከሚባለው ሕንፃ ሥር ነው፤ ያን ሕንፃም ያሠሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በ1930 ሲመረቅ 52 ፎቅ፣ 216 ሜትር ቁመት ነበረው፤ ያኔ ከኒውዮርክ ውጭ እሱን የሚስተካከል አልነበረም። ባቡሩ ከምድር ቤቱ ጨለማ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው የዛገ ሐዲድ፣ መጋዘን፣ የፋብሪካ ጀርባ ነው። ከዚያ ዳገቱን ይይዛል። ሼከር ስኩዌር የሚባለው የገበያ አደባባይ ላይ ሲደርስ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ሐዲዱ የሚሄደው በሰፊ ጎዳና መሀል፣ በሣር ላይ ነው። ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፎች፤ ከዛፎቹ ወዲያ፣ ከመንገዱ ገባ ብለው፣ በጡብና በድንጋይ የተሠሩ ቤቶች። የግንብ አጥር የለም፣ የብረት በር የለም፣ ዘበኛ የለም። የእኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ታዲያ ሌባውን ምን ይከለክለዋል?" ነው። አጥሩ እንዳለ አለ፤ የተጻፈው ወረቀት ላይ ስለሆነ ነው ለዓይን የማይታየው።

መሬት የሚገዛ ሰው የሚፈርመው ውል እንዲህ ይላል። ቤትህን ከመንገዱ ይህን ያህል አስገብተህ ትሠራለህ፤ ከዚህ በታች ዋጋ ያለው ቤት አትሠራም፤ ንድፉን አርክቴክት ይሠራዋል፣ የወንድማማቾቹ ኩባንያ ያጸድቀዋል፤ አሠራሩ የእንግሊዝ፣ የፈረንሣይ ወይም የጥንቱን የአሜሪካ ቅኝ ዘመን ዘይቤ የተከተለ ይሆናል። ሱቅ የሚከፈተው በተመደበለት ቦታ ብቻ ነው። ለየሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቦታው ገና ከእቅዱ ተከልሏል፤ ልጆች በእግራቸው ደርሰው እንዲመለሱ። ይህ የመጨረሻው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የምቀናበት ነው።

ዊንስሎው የሚባል አንድ መንገድ አለ፤ ለሁለት አባወራ የተሠሩ ቤቶች ከዳር እስከ ዳር የተሰለፉበት። አንድ ቤት ፊት ቆሜ ብዙ ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ከፊት ለፊት የሚታየው አንድ በር ነው። የሁለተኛው አባወራ በር በጎን በኩል፣ ጥግ ይዞ፣ ከመንገዱ እንዳይታይ ሆኖ ተሠርቷል። ጣራው አንድ፣ የጭስ መውጫው አንድ፣ የመስኮቶቹ አደራደር የአንድ ባለጸጋ ቤት ይመስላል። ኩባንያው መካከለኛ ገቢ ያለውን ሰው አልጠላውም፤ ለባቡሩም ተሳፋሪ፣ ለመሬቱም ገዢ ያስፈልገዋል። ሰውየው ሁለት ቤተሰብ በሚኖርበት ቤት መኖሩ ግን ከመንገድ መታየት የለበትም። የከተማዋን ጠባይ በአንድ ነገር አሳየን ብትሉኝ የማሳያችሁ ያንን የጎን በር ነው።

የወንድማማቾቹን መጨረሻ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ በድርጅት ላይ ድርጅት እየደራረቡ፣ ከአሜሪካ ታላላቅ የባቡር ጌቶች ተርታ ገቡ፤ ሁሉም ግን በብድር የቆመ ነበር። የ1929ኙ የገበያ ውድቀት ሲመጣ ተናደ። በ1935 ንብረታቸው በጨረታ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ማንቲስ ሞተ። ኦሪስ በዓመቱ ተከተለው፤ ሞት ያገኘው ወደ ኒውዮርክ ሲጓዝ ባቡር ውስጥ ነው።

እነሱ ይሙቱ እንጂ ውላቸው አልሞተም። አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ።

በ1925 አንድ ጥቁር ሐኪም ከነቤተሰቡ ሼከር ሃይትስ ውስጥ ቤት ገዝቶ ገባ። ዛቻና ጥቃት ደረሰባቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ለቀው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አስገባ፤ ቀድሞ የገዙትም እንዲፈርሙበት ቤት ለቤት ተዞረ። አንቀጹ የሚለው ይህን ነው፦ ባለቤቱ ቤቱን ለሌላ ሰው ከመሸጡ በፊት የኩባንያውን የጽሑፍ ፈቃድ፣ ካልሆነም በዙሪያው ያሉትን ባለቤቶች ስምምነት ማግኘት አለበት። በቃ። ጥቁር የሚል ቃል የለበትም፣ ዘር የሚል የለበትም፣ ሃይማኖት የሚል የለበትም። ጥቁሮችንና አይሁዶችን፣ በአንዳንድ ቦታም ካቶሊኮችን፣ ለረጅም ጊዜ ደጅ ያቆመው ግን ይኸው ጨዋ የሚመስል አንቀጽ ነው። "ጎረቤቶች ይስማሙ" የሚለውን ሐሳብ እዚህ ለብቻው ባቀርብላችሁ ብዙዎቻችሁ ምን ክፋት አለው ትሉኛላችሁ። ዕድርተኛውን መጠየቅ ለእኛ ነውር አይደለምና። ለዚህ ነው ውል ሲነበብ "ምን ይላል?" ብቻ ብለን ማለፍ የሌለብን፤ ማን እንዲገባ፣ ማን እንዳይገባ ተብሎ እንደተጻፈም መጠየቅ አለብን።

በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰውን በዘሩ የሚከለክል የመሬት ውል በፍርድ ቤት ሊፈጸም አይችልም ብሎ ወሰነ። ወረቀቱ ላልቶ ሰው መግባት ጀመረ። ሉድሎው የሚባለው ሰፈር፣ ከክሊቭላንድ ጋር የሚያዋስነው፣ የመጀመሪያው ሆነ። በ1956 መጀመሪያ ላይ የአንድ ጥቁር ጠበቃ ቤት ጋራዥ በፈንጂ ተመታ።

በሌላ ቦታ ከዚህ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነበር። ደላላ ቤት ለቤት እየዞረ "ጥቁሮች እየገቡ ነው፣ ዋጋው ሳይወድቅ ሽጥ" ይላል፤ ነጩ ደንግጦ በርካሽ ይሸጣል፤ ደላላው ያንኑ ቤት ለጥቁሩ በውድ ይሸጣል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰፈሩ ይገለበጣል። ሉድሎው ላይ ጎረቤቶቹ አንሸበርም አሉ። ነጩም ጥቁሩም በየሳሎኑ መገናኘት ጀመረና በ1957 የሉድሎው ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ገዢ ፍለጋ ራሱ ወጣ፤ ለቤት መግዣ የጎደለውን የሚሞላ ብድር አዘጋጀ። በ1967 ከተማውም ሥራውን ተረከበና የቤት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። በ1970 ትምህርት ቤቶቹ ተማሪዎችን በወላጆች ፈቃድ የሚያደባልቅ እቅድ ጀመሩ።

ይህን ታሪክ እንደ ገድል የሚያነቡት አሉ፤ እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። ብድሩ በተለይ ነጮች ወደ ሉድሎው እንዲመጡ የሚያበረታታ ነበር፤ ጥቁሩ ገዢ "ቁጥራችሁ እንዳይበዛ ቆይ" የሚባልበት ጊዜ ነበር። ቤት መግዛት የሚችል ሰው፣ ለሰፈሩ ሚዛን ሲባል ተራ ጠብቅ ቢባል ምን ይሰማዋል? ቢሆንም ከአካባቢዋ ከተሞች ጋር ሳስተያያት፣ ለማግለል የተጻፈ ውል የወረሰ ሕዝብ ተነጋግሮ ሌላ ዓይነት ስምምነት መጻፉን አልንቀውም። በ2020 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 29,439 ነበር፤ ከሦስቱ አንድ ያህሉ ጥቁር ነው።

ሐይቆቹን እመለስባቸዋለሁ ብዬ ነበር። በ1963 በሐይቆቹ ላይ የሚያልፍ ትልቅ ሀይዌይ ታቀደ። የካውንቲው መሐንዲስ ሐይቆቹን የዳክዬ ኩሬ ብሎ አጣጣላቸው። የተነሱበት የአትክልት ማኅበር ሴቶች ናቸው። ጓንት አድርገው አበባ የሚኮተኩቱ ወይዛዝርት ምን ያመጣሉ ተብሎ ነበር። በ1966 ልክ በመንገዱ መስመር ላይ የተፈጥሮ ማእከል አቋቋሙበት፤ በ1970 አገረ ገዢው እቅዱን ሰረዘ። መንገድ የፈጠራት ከተማ መንገድ አባረረች። ጉልበታቸው የመጣው ከሀብታቸው ነው፤ እዚያው ክሊቭላንድ ውስጥ ድሆች ሰፈር ያለፉትን ሀይዌዮች ያስቆመ ግን የለም። ይህንንም አብራችሁ ያዙልኝ። ግድቡም ዘላለማዊ አልሆነም፤ በቅርብ ዓመታት አንደኛው አርጅቶ የሐይቁ ውኃ እንዲፈስ ተደርጓል፣ ይታደስ ወይስ ይፍረስ የሚለውም እዚያ ከባድ ክርክር አስነሥቶ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ደብረ ብርሃን ከሼከር ሃይትስ በብዙ መቶ ዓመት ትበልጣለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት ቦታ ቤተ መንግሥቱን ተክሎ የመጨረሻ ዘመኑን አብዛኛውን እዚሁ ኖሯል። ኋላም የሸዋ ነገሥታት ከአንኮበር ወደ አንጎለላ፣ ከአንጎለላ ወደ ደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ይቀመጡባት ነበር። የድሮ ከተማችን አሰፋፈር ታዲያ ልዩ ጠባይ አለው። መኳንንቱ ግቢውን ሲተክል ሎሌው፣ ጋሻ ጃግሬው፣ ጠጅ ጣዩ፣ ሁሉም በዙሪያው ይሰፍራል። አዲስ አበባም ስትመሠረት በዚሁ ልማድ ነው፤ በራስ እገሌ፣ በደጃች እገሌ የሚጠሩት ሰፈሮች የዚያ ቅሪት ናቸው። ፍትሐዊ ኑሮ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ጌታው ጌታ ነው፣ ሎሌውም ሎሌ። ግን ሀብታሙ ጠዋት በሩን ሲከፍት ድሃውን ያየዋል። ለቅሶው አንድ ነው፣ ሠርጉ አንድ ነው።

በእኛ በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬትና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ዛሬ የምንሠራበት የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ በእኛ በ2004 የወጣ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ እዚህ ከተማ ዛሬ የሚፈረም የመኖሪያ ሊዝ የሚያበቃው የፈራሚው የልጅ ልጅ ካረጀ በኋላ ነው። ቫን ስዌሪንገኖች የጻፉት ውል ገና 100 ዓመቱ ነው፤ ይኸው አሁንም እንነጋገርበታለን።

የእኛ ውል ግንባታ መቼ እንደሚጀመር፣ መቼ እንደሚያልቅ ይደነግጋል። ስለ ጎረቤት የሚለው ነገር የለም፤ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፣ ተመስገን ነው። ነገር ግን ውሉ ዝም ባለበት ቦታ ሌላ የሚናገር አለ። ግንብ አጥሩ ይናገራል፣ በየመንደሩ መግቢያ የቆመው ጥበቃ ይናገራል፣ ዋጋው ይናገራል። ከቀያቸው ተፈናቅለው በከተማችን መጠለያ የሚኖሩ ወገኖቻችን አሉ፤ የፋብሪካ ሠራተኛው አለ፤ ሁለትና ሦስት ሆኖ አንድ ክፍል የሚከራየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። እነዚህ ሰዎች በአዲሱ ማስፋፊያ ውስጥ በየትኛው በር ነው የሚገቡት? በጎኑ በርም ቢሆን ዊንስሎው ላይ ቢያንስ በር ተሠርቶላቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። "ፋብሪካው ይራቅልን፣ ጭሱ ይቅርብን፣ ንጹሕ የመኖሪያ ከተማ ትሁንልን" የሚል ሐሳብ ከብዙ ሰው እሰማለሁ። ሼከር ሃይትስ ይህን አድርጋዋለች። ፋብሪካ የላትም፣ ንግዱም ጥቂት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ፣ በረዶ መጥረጉ፣ ሁሉም የሚከፈለው በአብዛኛው ከነዋሪው ኪስ ነው። የቤትና የመሬት ግብሯ በኦሃዮ ግዛት ከከፍተኞቹ ተርታ ነው። አንዳንድ ጡረተኛ ዕድሜውን ሙሉ ከፍሎ የጨረሰውን ቤት ግብሩ ስለከበደው ሸጦ ይሄዳል። እኛ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካዎቹና ኢንዱስትሪ ፓርኩ አሉን፤ ይራቁ ከማለታችን በፊት የከተማውን በጀት ገልጠን ብናይ ጥሩ ነው።

እንግዲህ ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከማዘጋጃ ቤቱና ከመሬት ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ። በአዲሱ የማስፋፊያ ፕላን ላይ ለየሰፈሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቦታ ተከልሏል ወይ? ከተከለለስ፣ ለሌላ አገልግሎት እንዳይሰጥ የሚያግድ ነገር በጽሑፍ የት ላይ አለ?